የጎረሳትስ?

እማዬ ከባሕር ዳር ተነስታ ዳላስ የገባችው ጥር ላይ ነው፤ እኅቴ ልትወልድ ሦስት ሳምንት ሲቀራት። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለአራሷ የሚሆን የአጥሚት እህል፣ ለኔ ደግሞ “እዚያ አገር አይገኝም” ብላ የያዘችው ጋቢ ነበር። ጋርላንድ ያለችው አፓርታማዬ ባለ ሁለት መኝታ ስለሆነች ማረፊያዋ እኔ ዘንድ ሆነ። ከኤርፖርት እስከ ቤት ስንነዳ ብዙ ነገር ነገርኳት፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቴክሳስ ሙቀት። አንድ ነገር ግን ዘለልኩ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን፣ ሽጉጥ እንዳለኝ አልነገርኳትም።

ይሄን ጽሑፍ ስጀምረው ስለዚያ ሽጉጥ ግምገማ ልጽፍ ነበር። “ገዛሁ፣ ሞከርኩ፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ያናድዳል” ዓይነት ነገር። ግማሹ አሁንም እንደዚያ ነው። ሌላው ግማሽ ሳላስበው ገባ።

መጀመሪያ “አንተና ሽጉጥ ምን አገናኛችሁ?” ለምትሉ። ሶፍትዌር ጸሐፊ ነኝ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ወሰደኝ። የሚስበኝ ድምፁ ወይም ጉልበቱ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። የሳበኝ ዝምታው ነው። ዒላማው ላይ ለማነጣጠር ትንፋሽህን ማስተካከል አለብህ፤ ምላጩን በዝግታ መሳብ አለብህ፤ ለዚያች ቅጽበት ስለ ሌላ ነገር ማሰብ አትችልም። እኔ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ማቆም የማልችል ሰው ነኝ። ከወር በኋላ ሱቅ ሄጄ ቅጽ 4473ን ሞላሁ፣ የኤፍቢአይ ፍተሻው አለፈ፣ ይዤው ወጣሁ።

የገዛሁት ለዒላማ ተኩስ የተሠራ፣ .22 ሎንግ ራይፍል የምትባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ነው። ጥይቷ ከ1887 ጀምሮ ያለች ናት። የተለመደችው እርሳስ 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ርካሽ ናት፣ እጅ አታስደነግጥም፤ ለዚህ ነው አብዛኛው ጀማሪ በሷ የሚማረው። ግን የጀማሪ ብቻ አይደለችም። በኦሎምፒክ የ25 ሜትር ሽጉጥ ውድድሮች የሚተኮሱት በሷ ነው። ፈጣን ተኩስ በሚባለው ውድድር ተወዳዳሪው አምስት ጥይት አምስት ዒላማ ላይ ይተኩሳል፤ መጀመሪያ በ8 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በ6፣ መጨረሻ በ4። ልብ በሉ፤ በዓለም ትልቁ መድረክ ላይ የሚያስፈልገው በአንድ ዙር አምስት ጥይት ነው።

የኔው ካዝና 33 ይይዛል።

የሠሪውን ስም አልጠራም፤ ከታች የማወራው ጥፋት የኔ እንጂ የሱ አይደለም። ለምን 33 አስፈለገኝ? እውነቱን ልናገር፤ ስላለ ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሽጉጦች 10 ይይዛሉ። 10 ተኩሶ ማቆም፣ እንደገና መሙላት፣ እንደገና ማቆም ሰለቸኝ። ቪዲዮ ላይ ሳየው ደግሞ ጥሩ ኢንጂነሪንግ መስሎ ታየኝ፤ ጥይቶቹ በአራት ረድፍ እርስ በርስ ተሰካክተው፣ ጎኑ በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ ሲደረደሩ ልብ ይሰርቃል።

ጥሩ ጎኑን ልናገር። ቀላል ነው። ማነጣጠሪያው ብርሃን በሚሰበስብ ፋይበር ስለተሠራ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥም ይታያል። ምላጩ ንጹሕ ነው፤ ሳይንገጫገጭ ይሳባል። በ10 ሜትር ርቀት፣ ክንዴ ካልደከመ፣ አምስት ጥይት ከቡና ሲኒ አፍ በማይበልጥ ክብ ውስጥ አስገባለሁ። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደሚያናድደው። እንደ ሙያዬ ሁሉን ነገር እመዘግባለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ፋይል አለ፤ 30 ካዝና፣ 990 ጥይት። በዚህ ውስጥ 14 ጊዜ ነከሰ፣ 6 ጊዜ ከሸፈ።

እነዚህን ቃላት እዚህ የመጡ ጓደኞቼ ሲሰሙ ይስቃሉ፤ “የገጠር ሰው” ይሉኛል። እኔ ግን ከእንግሊዝኛዎቹ የበለጠ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። መሣሪያ ነከሰ የሚባለው ጥይቷ ወይም ቀለሃዋ መሃል ላይ ተይዛ አልሄድም አልመጣም ስትል ነው። ከሸፈ የሚባለው ምላጩ ተስቦ፣ መርፌው መትቶ፣ ባሩዱ ሳይነሣ ሲቀር ነው። አገር ከሸፈ፣ ዕቅድ ከሸፈ የምንለው ሁሉ የመጣው ከዚህ ከጠመንጃ ቃል ይመስለኛል። ሦስተኛም ቃል አለ፤ እሱን ቆይተን እንደርስበታለን።

ለምን ይነክሳል? የዚህች ጥይት መቀመጫ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። አካሏ 5.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው ጠርዟ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሚያቀጣጥለው ኬሚካል መሃሏ ላይ ሳይሆን በዚህ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል፤ መርፌውም የሚመታው ጠርዟን ነው። ጥይቶቹን ካዝና ውስጥ ስትደረድር የላይኛዋ ጠርዝ ከታችኛዋ ጠርዝ ፊት መቀመጥ አለበት። ወደ ኋላ ከገባ ሁለቱ ይቆላለፋሉ፤ የላይኛዋ ወደፊት ልትሄድ ስትል የታችኛዋ ትይዛታለች። ፕሮግራም የምትጽፉ “ዴድሎክ” እንደምንለው አስቡት፤ አንዱ ሌላውን ይዞ ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ። 10 በሚይዝ ካዝና ይሄ ሊያጋጥም የሚችልበት ቦታ ጥቂት ነው። 33 በአራት ረድፍ ሲሆን ግን ብዙ ነው። ፋይሌ እንደሚለው ከ14ቱ ንክሻ 9ኙ የደረሱት ካዝናው ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ገና የመጀመሪያዎቹ አስር ጥይቶች ላይ ነው። 25 ብቻ መሙላት ስጀምር ችግሩ በጣም ቀነሰ። ማለትም የከፈልኩበትን 33 ለመጠቀም ስሞክር ነው የሚያስቸግረኝ። ሶፍትዌር ላይም እንደዚህ ነን፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሙሉ በሙሉ የሚጠቀም ማንም የለም።

የቀሩት አብዛኞቹ ንክሻዎች የቆሻሻ ናቸው። ይህች ጥይት ቆሻሻ ናት። እርሳሷ ብዙ ጊዜ ሰም ብቻ ነው የተቀባው፤ ባሩዱ ጥላሸት ይተዋል፤ ሰሙ፣ እርሳሱና ጥላሸቱ ተደባልቀው ጥቁር ጭቃ ይሆናሉ። ይሄ ሽጉጥ ደግሞ የሚሠራው በቀለሃዋ ግፊት ነው፤ ተኩሱ ቀለሃዋን ወደ ኋላ ይገፋል፣ እሷ ስላይዱን ትገፋለች፣ ስላይዱ ሲመለስ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ጭቃው ካሸነፈው ጉዞው ግማሽ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ በየ300 ጥይቱ እወለውለዋለሁ። አሠራሬ ይሄ ነው። ጋዜጣ አነጥፋለሁ። እፈታዋለሁ። በርሜሉን ከተቻለ ከኋላ በኩል ነው የማጸዳው፤ ከፊት የገባ ዘንግ የአፈሙዙን ጠርዝ ከፋቀው ጥይቷ አቅጣጫዋን ትስታለች። ጥይት የምትጎርስበትን ቦታ በናይለን ብሩሽ ዙሪያውን አሻለሁ፤ እዚያ የሚሠራው የጥላሸት ቀለበት ነው ቀለሃ አልወጣም የሚያሰኘው። ቀለሃ ጎትታ የምታወጣውን፣ ጥፍር የምታህል ብረት፣ ከሥሯ በጥርስ ማጽጃ እንጨት እጠርጋለሁ። ዘይት ጠብታ ብቻ። ብዙ ዘይት ጥላሸቱን አብኩቶ ገንፎ ያደርገዋል። ካዝናው ውስጥ ዘይት ጨርሶ አይገባም፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ። ባዶውን ምላጭ እየሳቡ መጫወትም ክልክል ነው፣ መመሪያው ካልፈቀደ በቀር፤ መርፌው የሚመታው ጠርዝ ስለሌለ ብረቱን ራሱን ሊመታ ይችላል። በመጨረሻ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ ልብሴን ለብቻ አጥባለሁ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ለሕፃን ደግሞ ይብሳል። እኅቴ ከወለደች ወዲህ ለተኩስ የማደርገው ጫማ መኪናዬ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ዝርዝሩ ጥሩ ነው አይደል? ይሄን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ጽፌ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። የመጀመሪያው መስመር “ካዝናውን አውጣ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ” ይላል። ያ መስመር ስህተት ነበረበት።

ነገሩ የሆነው እኅቴ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ነው። እማዬ ቀኑን እኅቴ ቤት ትውላለች፣ ማታ እኔ እመጣና እወስዳታለሁ። ያን ቀን ተኩስ ሄጄ ነበር። ካዝናውን ለአንዴ ልሙላው ብዬ 33 አስገባሁ። እየተኮስኩ፣ እየተኮስኩ፣ መጨረሻ ላይ ቀጭ። ከሸፈ። ደንቡን አውቃለሁ፤ የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊነሣ ስለሚችል አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግክ ትጠብቃለህ። ጠበቅኩ። ካዝናውን አወጣሁ፤ በሚያሳየው ጎኑ አየሁት፣ ባዶ። ስላይዱን ሳብኩት። እግሬ ሥር ቀለሃ ሞልቶ ስለነበር ጥይቷ ወድቃ ከነሱ የተቀላቀለች መሰለኝ። ሰዓቴ አልቆ ነበር፤ ወደ ሳጥኑ መለስኩት፣ ቆለፍኩት፣ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ። የኔን ሽጉጥ ለመፍታት አንዱ ደረጃ ምላጩን መሳብ ነው። እጄ ላይ ይዤዋለሁ። በሩ ተከፈተና እማዬ ገባች፤ ለካ የእኅቴ ባል ቀደም ብሎ አምጥቷት ነው።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ወይ ታለቅሳለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ጋዜጣውንና ሽጉጡን አየች። ከዚያ በጣም በዝግታ፦

“ጥይቱን አውጥተሃል?”

“አዎ እማዬ። ባዶ ነው። ይኸው ካዝናው።”

“የጎረሳትስ?”

አልገባኝም። ማለቴ፣ ቃሉ ገብቶኛል፤ ለምን እንደምትጠይቅ ነው ያልገባኝ። ጎጃም ገጠር ያደገች፣ ሕይወቷን ሙሉ አስተማሪ የነበረች ሴት ናት። እሷን ደስ ለማሰኘት፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽም እየተበሳጨሁ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስላይዱን ወደ ኋላ ሳብኩና ውስጡን አየሁ።

ትንሽ ቢጫ ክብ። ጠርዟ ላይ የመርፌው ምት ያለባት። ጥፍሯ ብረት በጥላሸት ተሞልታ ስለነበር ጥይቷን ሳትይዛት አዳልጣት፣ እሷም እዚያው ቀርታ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስረዳ። የዚህች ጥይት ኬሚካል ጠርዟ ውስጥ እኩል ላይዳረስ ይችላል። መርፌው ባዶ ቦታ ላይ ከመታት ትከሽፋለች። ትንሽ ዞራ በሌላ ጎኗ ብትመታ ግን ልትነሣ ትችላለች። ተኳሾች ይሄን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ የከሸፈችውን አዙረው ደግመው ይሞክሯታል። የከሸፈ ሁሉ የሞተ አይደለም። እኔ ደግሞ ምላጩን ልስብ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቴ አለ፤ ሦስት ልጆች አሉት።

በትንሽ የእንጨት ዘንግ ገፍቼ አወጣኋት። ጋዜጣው ላይ ወደቀች። ምንም ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል።

እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ መሣሪያ ሲወለውል እንደሞተ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ የሚባለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ “ባረቀበት”። ሦስተኛው ቃል ይሄ ነው። ባረቀ የሚባለው ማንም ሳያስበው መሣሪያው ሲተኩስ ነው። ከሸፈበት፣ ነከሰበት፣ ባረቀበት፤ ሁሉም ላይ አድራጊው መሣሪያው ነው፤ ሰውየው የደረሰበት ብቻ ነው። ጥፋተኛ የለም። እኛም ከዚያ በላይ ጠይቀን አናውቅም።

ያን ማታ ቀሪውን ነገረችኝ። ስምንት ዓመቷ ነበር። የጥር ሰርግ ደርሶ፣ ወንድሟ ሰርጉ ላይ ሊተኩስ የአባታቸውን ጠመንጃ ያጸዳል። ቤቱ “ምንሽር” የሚለው፣ አምስት ጥይት የሚይዝ ጠመንጃ ነው። ከሆዱ በኩል ከፈተውና ጥይቶቹን ቀሚሷ ላይ ዘረገፈላት። “ቁጠሪ” አላት። ቆጠረች። “ስንት ናቸው?” “አምስት።” “በቃ፣ አልቋል” አለ።

“አምስት ነበሩ እኮ” አለችኝ። “አልተሳሳትኩም። ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። አምስት ነበሩ።”

ስድስተኛዋን ጠመንጃው ጎርሷት ነበር።

ለአያቴ አልነገረችም። ለአባቴም አልነገረችም። ሰው ሁሉ “ባረቀበት” ሲል እሷ ዝም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም።

እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች በአንድ ቁጥር መሳሳትን የራሱ ስም ሰጥተነዋል፤ “ኦፍ ባይ ዋን” እንለዋለን፣ እንቀልድበታለን። ከዜሮ ነው ወይስ ከአንድ ነው የሚቆጠረው እየተባለ ቲሸርት ላይ ይታተማል። የኔ ስህተት እሱ ነበር፤ ካዝናው ውስጥ ያለውን ቆጥሬ ሽጉጡ ውስጥ ያለውን ያወቅኩ መሰለኝ። 33 ስለሆነ ነው፣ ብዙ ስለሆነ ቁጥሩ ጠፋብኝ ልል ነበር። ግምገማዬን “ስለዚህ 10 የሚይዝ ግዙ” ብዬ ልቋጨው ነበር። ግን የእማዬ ወንድም ጠመንጃ አምስት ብቻ ነበር የሚይዘው። ቆጣሪዋም ልክ ነበረች። ካዝና ላይ የተጻፈው ቁጥር ስለ ካዝናው ብቻ ነው የሚነግርህ። መሣሪያው ባዶ መሆኑን የምታውቀው ስታየው ነው።

“እማዬ፣ የቆጠርሽው ልክ ነበር” አልኳት። “መጉረሻውን ማየት የነበረበት እሱ ነው። የያዘው እሱ ነው።” መልስ አልሰጠችኝም። ስለ ወንድሟ እንደዚያ ማለት ከባድ ነው፤ ስለ ሟች ክፉ አይወራም። ግን ከንፈሯን አልመጠጠችም፣ “ተው” ም አላለችኝም።

ሽጉጡ አሁንም አለ። ሽጥ አላለችኝም፤ እኔም አልሸጥኩትም፤ ለኅሊናዬ ምን ያህል ልክ እንደሆነ ገና አላውቅም። ከሸፈች የተባለችው ጥይት ተኩስ ቦታው ላይ ለሷ ዓይነት በተቀመጠው ባልዲ ውስጥ ገባች። ለምትገዙት ሰዎች ፍርዴ ይሄ ነው፤ ጥሩ ሽጉጥ ነው፣ 25 ሙሉ፣ በ300 ወልውሉ። የፋይሌን የመጀመሪያ መስመር ግን ቀይሬዋለሁ። አሁን “ካዝናውን አውጣ። የጎረሳትስ? በዓይንህ እይ፤ በጣትህ ዳስስ” ይላል።

እማዬ ከመሄዷ በፊት በነበረው ሳምንት ልወለውል ስቀመጥ መጣችና አጠገቤ ቆመች። “አሳየኝ” አለች። ካዝናውን አወጣሁ፣ ስላይዱን ስቤ አስቆምኩት፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው እንዳደረግኩ የስልኬን መብራት አበራሁላት። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ትንሿን ጣቷን አስገብታ ዳሰሰች።

“ባዶ ነው” አለች።

ጣቷ ጫፍ ላይ ጥላሸት ነበር። ሁለቴ በሳሙና ታጠበችና ሕፃኑ ጋ ልሄድ ነው፣ አድርሰኝ አለችኝ።